የሽማግሌው ቢራ እና የእኔ ፊት

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ተጸያፊ ነኝ። ሰው የጠጣበትን ኩባያ ታጥቦም ቢሆን ወደ ብርሃን አንስቼ ሳላይ አልጠጣበትም። ወጥ ውስጥ አንዲት ጸጉር ካየሁ ያንን ቤት ለወር አልረግጠውም። እናቴ ይህን ጠባዬን ስትረግመው ኖራ በመጨረሻ ሥራ ሰጠችው። ለዓመት በዓል ጠላ ሲጠመቅ ጋኑ በግራዋ ታሽቶ፣ በወይራ ታጥኖ ሲያበቃ እኔ እጠራለሁ፤ አንገቴን ወደ ውስጥ አስገብቼ አሸታለሁ። ፊቴ ከተጨማደደ ጋኑ እንደገና ይታጠባል፤ ካልተጨማደደ ይጠነሰሳል። ጎረቤት ሳይቀር «እስቲ ልጅሽን አውሺን» እያለ ይወስደኝ ነበር። ጠላውን ግን አንድ ቀን እንኳ ወድጄ ጠጥቼው አላውቅም። ከሰው ሁሉ አፍ የሚወጣው ያ የማግስት ትንፋሽ ገና ጋኑ ሳይከፈት ይታየኝ ነበር።

ባሌን ተከትዬ አሜሪካ የመጣሁት በፈረንጆቹ ሰባዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። እሱ ሳን ሆዜ ምህንድስና ይማራል። ስለ አሜሪካ ብዙ ነገር ተነግሮኝ ነበር፤ እንደምትሸት ግን የነገረኝ ሰው የለም። የተከራየነው ቤት ቲማቲም ከሚታሸግበት ፋብሪካ ጀርባ ነበር፤ ነሐሴ ሲገባ ሰፈሩ በሙሉ ቲማቲም የሚቀቀልበት ድስት ይሆናል። ትራሴ፣ ጸጉሬ፣ የታጠበው አንሶላ ሳይቀር ቲማቲም ቲማቲም ይላል። አከራያችን ደግሞ ውሻዋን በሰው ሳህን ታበላለች። ያ ሳህን ተመልሶ ከእኛ ሳህኖች ጋር በአንድ ውሃ ሲታጠብ ያየሁ ዕለት ባሌን ወይ ቤቱን ወይ እኔን ምረጥ አልኩት። እንደማልቀልድ ስላወቀ ኦክላንድ ሌላ ቤት ፈለገ፤ ትምህርቱንም በዚያች ሳል በያዛት መኪናው እየተመላለሰ ሊማር ተስማማ። እኔም እዚያው ኦክላንድ በአንድ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የመደርደር የግማሽ ቀን ሥራ አገኘሁ።

አዲሱ ቤታችን ከውሃው ዳር የቆመ የጡብ ሕንጻ ነበር፤ እኛ የያዝነው ፎቁን ነው። ደረጃውን ስወጣ አንድ ነገር አፍንጫዬን መታኝ። ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው የሚሸተው ሽታ አለ፤ እሱን ወዲያው ለየሁት። ከዚያ ስር ግን ሌላ ነበር፤ የተቀቀለ ብቅል፣ እርጥብ እንጨት፣ የሆነ ጥግ ተረስቶ የከረመ አተላ። እዚህ ቤት ጠላ ይጠመቃል እንዴ ብዬ ባሌን ስጠይቀው ሳቀብኝ። ለካ ምድር ቤቱ ቢራ መጥመቂያ ኖሯል። ከቲማቲም ሸሽቼ አተላ ላይ ጉብ ማለቴን ሳስብ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጬ ማልቀስ አማረኝ።

መጥመቂያውን የያዙት የሕንጻው ባለቤት ናቸው፤ አንድ ረጅም፣ ትከሻቸው የጎበጠ፣ እጃቸው ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ ሽማግሌ። አባታቸው በወጣትነታቸው ከቤልጂየም መጥተው ነበር ቦታውን ያቋቋሙት። አሜሪካኖች አንድ ዘመን መጠጥን በሕግ ሲከለክሉ ተዘጋ፤ ክልከላው ሲነሳ ደግሞ አባትየው ስላልነበሩ የሚከፍተው ጠፋ። ሕንጻው የጎማ መጋዘን ሆኖ ኖረ። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ ወደብ ላይ የመርከብ ማሞቂያ ሲጠግኑ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡና ሚስታቸውን ሲቀብሩ፣ ጎማውን አስወጥተው የአባታቸውን ቢራ ሊመልሱ ተነሡ። የሚያውቁት ግን በልጅነታቸው ከአባታቸው ጎን ቆመው ያዩትንና የቀመሱትን ብቻ ነው። ጣዕሙ ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው እንጂ ሌላ የትም አልነበረም።

አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፤ ፓሎ አልቶ በኤሌክትሮኒክስ ሥራ ላይ ያለ፣ የሸሚዙ ኪስ ላይ እስክሪብቶ የሚደረድር። የሕንጻው ግማሽ በእናቱ ውርስ የእሱ ነው። እኛ የገባን ዕለት እሱም መጥቶ ነበርና ለአባቱ የተናገረውን ቆመን ሰማን።

«አንተ ራስህ እስከሠራኸው ድረስ እሺ፣» አለ። «ያቃተህ ቀን ግን እንሸጠዋለን።»

ሽማግሌው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንግዳ ፊት አባትን እንዲህ የሚናገር ሰው አይቼ ስለማላውቅ ሰውየው ገና ስሙን ሳልይዝ አስጠላኝ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሽማግሌው ቢራቸውን እንድንቀምስ ወደ ምድር ቤት ጠሩን። ባሌ ደረጃው ላይ ክንዴን ይዞ አቆመኝ። «ፕሊስ፣ ዛሬ ፌስሽን ኮንትሮል አድርጊ፣» አለኝ። «ሰውዬው ደግ ናቸው። ኢንሰልት እንዳታደርጊያቸው።» እንደማልሰድባቸው ቃል ገባሁለት። ስለ ፊቴ ግን ምንም አላልኩም፤ በፊቴ ላይ ሥልጣን ኖሮኝ አያውቅም።

ምድር ቤቱ ጨለም ያለ፣ ወለሉ የሚያዳልጥ፣ ግድግዳው በእንጨት በርሜል የተሞላ ነበር። ሦስት ዓይነት ቢራ ቀዱልን። አንደኛው እንደ ቅራሪ የደፈረሰ፣ ነጣ ያለ ነው፤ ከአባታቸው ቢራ ሁሉ የሚወዱት ይህን እንደነበረና ዓመት በርሜል ውስጥ እንደሚተኛ ነገሩን። አፌ ሲገባ መንጋጋዬን አኮማተረው፤ ሽታው ደግሞ ከኮርቻ ስር የሚደረግ ላብ የጠጣ ጨርቅ ነው። ሁለተኛው ቼሪ የሚባለው ፍሬ ያለበት ቀይ ነበር፤ ገና ስቀርበው የሳል ሽሮፕ ሸተተኝ፤ ከላዩ ላይ አንዲት ትንኝ ሞታ ትንሳፈፋለች። ባሌ ትንኟን በጣቱ ጠርጎ ጠጣ። ከዚያ በኋላ እሱንም ለመሳም ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

«ቬሪ ኢንተረስቲንግ፣» ይላል ባሌ በየጉንጩ። እዚያ አገር ስኖር ከተማርኳቸው ቃላት ሁሉ የዚህን ቃል ያህል የምጸየፈው የለም። አስጠሊ ነገር የዋጠ ሰው ከሚተፋው ይልቅ እንዲያመሰግን ተብሎ የተሠራ ቃል ነው።

ሦስተኛው ቡኒ ነበር። ብርጭቆው ገና ከፊቴ ሲደርስ የሞተ አይጥ ሸተተኝ። አልጠጣም ብል ባሌ ሊከፋው ነው፤ ብጠጣ ደግሞ ላስታውክ ነው። በዚህ ጭንቀት መሐል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ብርጭቆውን ወደ ሽማግሌው መልሼ ገፋሁና በእኛ አገር የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ እንደሚቀምስ፣ እንግዳ የሚጠጣው ከዚያ በኋላ እንደሆነ ነገርኳቸው። ልማዱ መጠጡ መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት የመጣ ነው፤ እኔም በልቤ መርዝ ነው እያልኩ ነበር። ባሌ ከጠረጴዛው ስር እግሬን ረገጠኝ።

ሽማግሌው ግን ደስ አላቸው። መዳፋቸውን አጎድጉደው ጠብ አደረጉ፣ ጠጡት፣ ከንፈራቸውን ላሱ። ምንም አልሆኑም። ያን የመሰለ ነገር ጉሮሮው አልፎ ፊቱ የማይለወጥ ሰው አይቼ አላውቅም። የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ሲቀምሱ ዓይናቸው መዳፋቸው ላይ አልነበረም፤ ብርጭቆውም ላይ አልነበረም። እኔን ነበር የሚያዩት።

ሰኞ ከሥራ ስመለስ በር ላይ ጠበቁኝ። ባሌ ሳን ሆዜ ነበር። ወደ ምድር ቤት አስገብተው በርሜል ላይ ተቀመጡና ያ ቡኒው ምን ይል እንደነበር እውነቱን እንድነግራቸው ለመኑኝ። እኔም ከተጠየቅሁ አልደብቅም። አቼቶ ነው፣ ሰላጣ ላይ የሚደረግ አቼቶ፤ ከስሩ ደግሞ የሞተ አይጥ አለበት አልኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ተነሥተው ሄደው የዚያን በርሜል ቡሽ ነቀሉት፤ ቢራው በወለሉ ላይ ወደ ቦዩ ሲወርድ ቆመው አዩት።

«ባልሽ ኢንተረስቲንግ ነው አለኝ፣» አሉ። «ጎረቤቶቼ ጥሩ ነው አሉኝ። ልጄ ደግሞ የቤልጂየም ቢራ እንዲህ ይሆናላ ብሎ ዝም አለ።»

ከዚያ ነው የነገሩኝ። መጥመቅ በጀመሩ በዓመቱ ኃይለኛ ትኩሳት ይዟቸው ነበር፤ ሲለቃቸው አፍንጫቸውን ይዞት ሄደ። ጎምዛዛ፣ መራራና ጣፋጭ ምላሳቸው ይለያል፤ ከዚያ ያለፈ ምንም የለም። ሽንት ቤትና አበባ ለእሳቸው አንድ ናቸው። ይህን ልጃቸው ከሰማ ቤቱ በሳምንቱ ይሸጣል፤ ያቃተህ ቀን ብሎ የለ። ለሐኪምም አልተናገሩም። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ከመሞታቸው በፊት የአባታቸውን ነጭ ቢራ በትክክል ሠርተው በሩን ለሰው መክፈት። ለዚህም የእኔን ፊት ፈለጉት።

እኔ ቢራ እንደማልወድ፣ እንዲያውም የዚህ ቤት ቢራ እንደሚያንገሸግሸኝ በግልጽ ነገርኳቸው።

«እሱን ነው የምፈልገው፣» አሉኝ። «የሚወድ ሰው ይቅር ይላል። አንቺ ይቅር አትይም።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ሽማግሌ ለምኖኝ እምቢ ማለት አልችልበትም። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ያ ሁሉ ሰው ፌስሽን ኮንትሮል አድርጊ ሲለኝ በኖረበት አገር ፊትሽ ያስፈልገኛል ያለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ለባሌ አልነገርኩትም፤ ምስጢር ለጓደኞቹ ካላካፈለ የማይዋጥለት ሰው ነው።

እንዲህ ነው ሥራዬን የጀመርኩት። ከቤተ መጻሕፍቱ ስመለስ ወደ ምድር ቤት እወርዳለሁ፤ እሳቸው ከየበርሜሉ በትንሽ ብርጭቆ ይቀዳሉ፤ እኔ ጠብታ መዳፌ ላይ አድርጌ እቀምሳለሁ፤ እሳቸው ፊቴን ያያሉ። ከዚያ ባልዲ ውስጥ እተፋለሁ። ባልዲው ራሱ ሌላ ጣጣ ነበር፤ ውስጡን እንዳላይ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምተፋው። ማታ ጥርሴን ሦስቴ እፍቃለሁ። ባሌ ምነው እንዲህ ጥርስ ጥርስ አልሽ ይለኛል።

ችግሩ እሳቸው የሚፈልጉት ቢራ ራሱ አስጠሊ መሆኑ ላይ ነበር። የአባታቸውን ቢራ ሲገልጹልኝ ሊሸት የሚገባው እርጥብ ሣር፣ የሎሚ ልጣጭ፣ አሮጌ ምድር ቤት፣ ከሁሉም ስር ደግሞ ያ የኮርቻ ጨርቅ ነው ይሉኛል። ፈረስ ሸተተ ብዬ ፊቴን ሳጨማድድ ደስ ይላቸዋል። አቼቶ ሲሆን ያዝናሉ። ስለዚህ አስጠሊን ከአስጠሊ መለየት ነበረብኝ፤ ትክክለኛ አስጠሊና የተበላሸ አስጠሊ። እንግሊዝኛዬ ለዚህ አልበቃም። አተላ፣ አቼቶ፣ ሻጋታ፣ ያደረ እንቁላል፣ የታመመ ልጅ ትንፋሽ እያልኩ በአማርኛ አስተማርኳቸው። እሳቸውም ተማሩት። ከፎቅ ስወርድ ገና ደረጃው ላይ ሳለሁ «ዛሬ አተላ የለም፣» ይሉኛል በዚያ በተጣመመ አነጋገራቸው። ሲሉት ሳቄ ይመጣል፤ ወዲያው ባልዲው ትዝ ይለኝና ይሄዳል።

ቀስ በቀስ ፊቴን እንደ ሰዓት ማንበብ ቻሉ። ከንፈሬ ወደ ታች ከሄደ አቼቶ ነው። ሁለቱም ዓይኖቼ ከተጨፈኑ ይደፋል። አፍንጫዬ ተሸብሽቦ የግራ ዓይኔ ብቻ ከጠበበ ግን ትክክለኛው ነው፤ የአባታቸው ነው። ያን ፊት ያዩ ቀን በጸጥታ ተነሥተው በርሜሉን በእጃቸው መታ መታ ያደርጉታል። ከዚያ እርሾውን፣ ሙቀቱን፣ የፈረንጅ ጌሾውን ያስተካክላሉ። ጥበቡ የእሳቸው ነው፤ ከእኔ የወሰዱት ማንገሽገሹን ብቻ ነው።

ልጅየው በየወሩ ይመጣል። እሱ ሲኖርም አባትየው መቅመስ ስላለባቸው ልማዱን መሸፈኛ አደረግነው። በአገሬ ለታላቅ ሰው የሚቀርብ መጠጥ አስቀድሞ ታናሽ ይቀምሰዋል አልኩት፤ ትንሽ ጠምዝዤዋለሁ እንጂ ውሸት አይደለም። እሱም ወደደው። አንድ ጊዜ ሁለት የሥራ ባልደረቦቹን ይዞ መጥቶ ይህችን ነገር አሳዪያቸው አለኝ። አንደኛው መዳፌን ሳልፈቅድለት ይዞ አየው። እነሱ ከሄዱ በኋላ እጄን ስፍቅ ቆየሁ፤ ይህን ሁሉ የማደርገው ለፈረስ ላብ መሆኑ ሲታሰበኝ ራሴንም ተጸየፍኩት።

እሑድ እሑድ ደግሞ የባሌ ጓደኞች ከፓሎ አልቶና ከዩኒየን ሲቲ ይመጣሉ። ሁሉም የተማሩ፣ ሁሉም ጺማም፣ ሁሉም ስለ አገር የሚያውቁ ናቸው። ሽማግሌው ስለሚወዷቸው ጠርሙስ ይልኩላቸዋል። ስለ መሬትና ስለ ገበሬ እየተከራከሩ፣ ምራቃቸውን አንዱ በሌላው ብርጭቆ ላይ እየረጩ፣ በርሜሉ ከመደፋቱ በፊት ጠርሙስ ገብቶ የተረፈውን ያን የተበላሸ ቡኒ ቢራ ግጥም ያደርጉታል። አንዱ «ቦዲ አለው፣» ይላል። ሌላው «አፍተርቴስቱን ኖቲስ አድርጋችኋል?» ይላል። ባሌ እኔን በአገጩ እያሳየ እሷ ቪሌጅ ነች፣ አይገባትም ብሎ ያስቃቸዋል። እኔ ብርጭቆ እሰበስባለሁ። የተረፈውን ስደፋ፣ እነዚህ አገር ሊያቀኑ የተነሡ ሰዎች አቼቶን ከቢራ መለየት አለመቻላቸው ነበር የሚያቃጥለኝ።

በዚህ ዓይነት ሁለት ክረምት አለፈ። ቤንዚን ጠፍቶ ባሌ ገና ጎሕ ሳይቀድ ሰልፍ የሚይዝበት ሰሞን መጣና አለፈ። ሽማግሌው በአንድ ቀን ከአንድ ድፍድፍ ሁለት በርሜል ሞልተው ነበር፤ ነጩን። አንደኛው ቀስ እያለ ትክክለኛውን ፊት ማምጣት ጀመረ። ሁለተኛው ጉምዛዜው ያው ሆኖ ሳለ የእርጥብ ውሻ ሽታ ያዘው። ይደፋ አልኩ። አባታቸው አንዳንድ በርሜል ታምሞ ይድናል ይሉ እንደነበር ነግረውኝ እንዲቆይ አደረጉ። ጥሩው ግን ደረሰ፤ እሳቸውም በመጸው መጀመሪያ ቅዳሜ በሩን ለሰው ለመክፈት ቆረጡ። የወደብ ጓደኞቻቸውን፣ ጎረቤቱን፣ ጥቂት የመጠጥ ቤት ባለቤቶችን ጠሩ። በሩን ቀለም ቀቡት። ጸጉራቸውን ተቆረጡ።

በዚያ የመጨረሻ ሳምንት አንድ ቀን በጣም ሞቆ ነበር። መጽሐፍ ስደረድር ውዬ ገብቼ ሽማግሌው የቀዱልኝን ነጭ ቀመስኩ፤ ስለ ቀለሙና ስለ ጠረጴዛው እያወራን ሳለ ብርጭቆው ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ባልዲው ውስጥ የተፋሁት ነገር የለም። ሙቀቱ ነው ብዬ ተውኩት።

ቅዳሜ እንግዶቹ ሊመጡ አንድ ሰዓት ሲቀር ልጅየው ደረሰ። ባሌ ውጭ ወንበር እየደረደረ ነበር። ልጅየው ሰላምታም አላበዛ፤ ወደ በርሜሎቹ ጀርባ ዞረና ሁለት ሸክላ ማንቆርቆሪያ ሞልቶ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከሁለቱ ነጭ በርሜሎች የቀዳው ነው፤ የትኛው ከየትኛው እንደሆነ ግን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

«አባዬ፣ ቅመስና ለእንግዶቹ የትኛውን እንደምንቀዳ ንገረኝ፣» አለ።

ሽማግሌው ፈገግ ብለው ወደ እኔ አዩ። መጀመሪያ እሷ ትቀምሳለች፣ ልማዳቸው ነው አሉ። ልጅየው እጁን አጣምሮ እሺ አለ። እሺ ያለበት አነጋገር ደስ አላለኝም።

ከመጀመሪያው ማንቆርቆሪያ መዳፌ ላይ ጠብ አደረግሁ። ሣሩ ነበር። የሎሚው ልጣጭ ነበር። ከስር የኮርቻው ጨርቅ ነበር። ሁሉም ነበሩ፤ አንዱም ግን አላስጠላኝም። ጉምዛዜው መንጋጋዬን ያዝ አድርጎ ለቀቀኝ፤ አፌ ንጹሕ ሆነ፤ እንዲያውም ጨምሩልኝ ልል ነበር። ፊቴ እንደ ተኛ ሰው ፊት ዝም ብሎ ቀረ። ሽማግሌው አዩኝ፤ ጠበቁ፤ የሚያውቁትን ፊት አጡት። ምን እንደተፈጠረ የገባኝ ያኔ ነው። አፍንጫዬን በግድ ልሸበሽብ፣ ዓይኔን ላጠብ ሞከርኩ፤ እንኳን እሳቸውን እኔንም አላሳመነኝም። ለይምሰል የሚሠራ ፊት ስለሌለኝ ነበር እኮ የመረጡኝ።

ልጅየው ሁለተኛውን ገፋልኝ። የእርጥብ ውሻው ሽታ ገና ሳልቀምሰው መጣ። አፍንጫዬ ተሸበሸበ፤ የግራ ዓይኔ ጠበበ፤ ከኮርቻው ጨርቅ የተረፈው ፊት ለውሻው ሆነ። እንዳይሆን ብዬ እጄን ወደ ፊቴ ሳነሳ አልደረስኩም። ሽማግሌው ያን ፊት ሲያዩ ፊታቸው እንደ ልጅ በራ።

ከሁለተኛው ቀድተው ጠጡ። «ይህ ነው፣» አሉ። «የአባቴ ይህ ነው።»

 አይደለም፣ የመጀመሪያው ነው ብዬ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ግን ብናገር ምን ልል ነው? እሳቸው ሳያውቁ እኔ ከየት አወቅሁ ልል ነው? ዝም ብል ደግሞ ያን ውሻ ለዚያ ሁሉ ሰው ሊቀዱት ነው። ሳልወስን ልጅየው ማንቆርቆሪያውን አንስቶ ወደ አባቱ አፍንጫ አስጠጋው።

«አሽትተው፣» አለ። ሽማግሌው አሸተቱ፤ ግሩም ነው አሉ።

«አባዬ፣ ይህ እርጥብ ውሻ ይሸታል፣» አለ ልጅየው። ድምፁን አላነሳም። «ባለፈው ወር ስመጣ ምድር ቤቱ በምድጃ ጋዝ ሽታ ተሞልቶ ነበር። አንተ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠህ ጋዜጣ ታነብ ነበር። እኔ ነኝ መስኮቱን የከፈትኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተኛሁም።»

ይህን እኔም አላውቅም ነበር፤ ሥራ ላይ የነበርኩበት ሰዓት መሆን አለበት። ፎቁ ላይ እኛ ነበርን የምንተኛው። ልጅየውን ጠላሁት፤ እውነቱን ስለሆነ ደግሞ የባሰ ጠላሁት። ሽማግሌው ጋዙን ዘጋሁት መስሎኝ ነበር አሉ፤ ሌላ አልተከራከሩም። ልጅየው አባቱን ትከሻቸው ላይ ያዝ አድርጎ ቆየና እንግዶቹን ከበር ሊመልስ ወጣ። ባሌ ምንም ሳይገባው ከውጭ ወንበር ይዞ ገብቶ መሐል ላይ ቆመ፤ ውጣ አልኩት፣ ወጣ።

ሁለታችን ብቻ ቀረን። ስድብም ቢሆን ለመስማት ተዘጋጅቼ ነበር። ሽማግሌው ግን ስለ ቤቱም ስለ ልጃቸውም አላነሱም። የመጀመሪያውን ማንቆርቆሪያ በጣታቸው ነኩ።

«እሱን ስትቀምሺ ምን ሆንሽ?» አሉኝ።

«ወደድኩት፣» አልኳቸው።

 ከዚያ እንዴት እንደወደድኩት ጠየቁኝ። ለአስጠሊ ነገር ስንት ቃል አስተምሬያቸው ነበር፤ ለዚህ ግን አንድ እንኳ አላዘጋጀሁም። ጥሩ ነው አልኩ። ጥሩ ነው እንዴት አሉኝ። ሲያልቅ ያሳዝናል አልኳቸው። ሄደው ትልቁን ብርጭቆ አጠቡ፤ ጠባዬን ስለሚያውቁ ወደ ብርሃን አንስተው አሳዩኝ፤ ከመጀመሪያው ማንቆርቆሪያ ሞልተው ሰጡኝ። ባልዲውን ራሳቸው ወደ ጥግ ገፉት። ውጭ የመኪና በር ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ልጅየው ይቅርታ እያለ ሰው ሲመልስ ይሰማል። እሳቸው ከፊት ለፊቴ በርሜል ላይ ተቀመጡና ክርናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፊቴን ማየት ጀመሩ። አንድ ጉንጭ ስጠጣ «አሁንስ?» ይሉኛል። «አሁንም ጥሩ ነው፣» እላቸዋለሁ። እንዲህ እያልን ብርጭቆውን ሁለታችን ጨረስነው።